ባሕሩ ሊቀበር ነው

ፉሪ ጥግ ላይ ባሕር አለ ሲባል የመካኒሳ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሳቁን ሲጨርስ ታክሲ ይዞ ይምጣና ይይ።

እውነቱን ለመናገር ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ባለካባዎቹ ጉድጓዱን አፉን እንደከፈተ ትተውት ሄዱ። ክረምቱ ሞላው፤ ከሥሩም ምንጭ ነበረና በጋ ቢመጣ አልነጥፍ አለ። በአንደኛው ዳር ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ሥራው አልሆን ሲላቸው ጥለውት የሄዱት አሸዋ ዝናብ እየገፋው ተንሰራፋና ዳርቻ ሆነ። የሰፈሩ ወጣቶች «ቢች» አሉት። በወዲያኛው ዳር ፊላ በቀለ፤ ፊላው ውስጥ ወፎች ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከፉሪ ተራራ ነፋስ ሲወርድ ውሃው ላይ ማዕበል ይነሣል። ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ቢሆንም ማዕበል ነው። ጋራዥ የሚሠራው ሚኪ የተጣለ የፍሪጅ በር ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጋልበዋል፤ ሲብስበትም ተነሥቶ ለመቆም ይሞክራል። «ሰርፍ ነው፣ ብሮ» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ አሸዋውን ከጆሮው እያራገፈ። ጓሯቸው ወደ ውሃው የሚከፈት ሰዎች ደግሞ «እኛ እንኳን የባሕር በር አለን» እያሉ ጎረቤት ያናድዳሉ። ኩሬ ነው የሚል ሰው በሰፈሩ የለም። ትልቅ ትንሹ «ባሕሩ» ነው የሚለው።

ምትኩ የዚህ ሰፈር ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነሥቶ በየመንገዱ ጫፍ እየቆመ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ወደዚህ ሥራ የገባው አስቦበት አይደለም። በወጣትነቱ ከመንዝ መጥቶ ንፋስ ስልክ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ የድሮው ጥሩምባ ነፊ ሞቱ፤ የእሳቸውን ሞት የሚናገር ጠፋ። ጥሩምባው አልጋቸው ሥር ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ምትኩ አነሣውና ነፋው። ከዚያ ወዲያ ማንም «መልሰው» ያለው የለም።

ለሁሉ እያስፈለጉ በማንም አለመናፈቅ ክፉ ነገር ነው። ምትኩን ሰው ያከብረዋል፤ ግን መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ሳያይ እጁን ያያል፣ ጥሩምባ መያዝ አለመያዙን። ሠርግ ሲጠራ ሙሽሪት ዓይኗ እንዳያርፍበት ከድንኳኑ ጥግ ያስቀምጡታል። እሱ አይቀየምም። ጉሊት የምትቸረችረው ሚስቱ ብርነሽ ናት የምትቀየምለት። «ሞትን አንተ የፈጠርከው ይመስል!» ትላለች፣ ቲማቲሟን በንዴት እያገላበጠች።

ጥሩምባ ካልተለማመዱት ከንፈር ይረሳዋል። ሰፈር ውስጥ መለማመድ ደግሞ አይቻልም፤ አንዴ ጡሩሩ ቢል ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ስለዚህ ምትኩ የጥሩምባውን አፍ በጨርቅ ወትፎ ከባሕሩ ማዶ ፊላው ጋ ይለማመዳል። ፊላው ውስጥ ከገቡት ወፎች ዝዮቹን የተዋወቃቸው እዚያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲነፋ ብር ብለው ይጠፉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። አመድማ ናቸው፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጀርባቸው ላይ ጋደም አድርገው ሲቀመጡ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ይመስላሉ። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ግን ትከሻቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ይወጣል፤ ምትኩ ባየው ቁጥር ልቡ ደስ ይለዋል። በዚህ ዓለም ጥሩምባውን ሰምተው የማይደነግጡ እነሱ ብቻ ናቸው። ይወዳቸዋል፤ ሌላ ቃል የለውም።

አንድ ቀን አሸዋው ላይ ቃለሕይወት አገኘችው። በሰፈሩ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች አዲስ አማኝ ሲያጠምቁ የሚያጠልቁት በዚሁ ውሃ ስለሆነ ለዝግጅት መጥታ ነበር።

«ጋሽ ምትኩ፣ ጓደኞችዎ እንዴት ናቸው?» አለችው ወደ ዝዮቹ እያመለከተች። «ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይባላሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ እኮ የትም የሉም።»

«የትም?»

«የትም።»

ምትኩ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ቤት ቢፈርስባቸው የሚጠጉበት ዘመድ የላቸውም ማለት ነው» አላት።

ቤቱን ሊያፈርስ የመጣው ክፉ ሰው አልነበረም። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ቸኮል ለሰፈሩ የሚሮጡ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው መሮጣቸው ነው። ባለፈው ክረምት ሚኪ ከፍሪጅ በሩ ላይ ወድቆ ጥልቁ ውስጥ ሊቀር ሲል በስንት መከራ ወጣ። እናቶች አለቀሱ። ያን ሰሞን የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮችም አዳራሽ አጥተው በአቶ ቸኮል ግቢ ዝናብ ይመታቸው ነበር። አቶ ቸኮል ሁለቱን ችግር ባንድ ድንጋይ መቱት፦ ባሕሩ በአፈር ይሞላና የዕድር አዳራሽ ይሠራበታል። አፈሩን በአቅራቢያው ሕንፃ ሊያቆሙ መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች በነጻ ሊያመጡ ተስማሙ። በስብሰባው ሁሉም እጁን አወጣ።

ምትኩ ከኋላ ተነሣ። «ዝዮቹ እንቁላል ላይ ናቸው። እስኪፈለፍሉ ብንጠብቅስ?»

ሳቅ ሆነ። «ምትኩ፣ ይሄ የሰው ዕድር ነው» አሉ አቶ ቸኮል ሳይከፋቸው። «አፈሩ አሁን ነው ያለው፤ ነገ ሌላ ይወስደዋል።»

ግንቦት ነበር። መኪኖቹ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመጡ ዓርብ ማታ ተነገረ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ምትኩ ወደ ፊላው ሄደ። እናቲቱ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣለች፤ አንገቷን እንደ ልማዷ ጋደም አድርጋ አየችው፤ አልተነሣችም። ባትተማመንበት ይሻለው ነበር። ቆሞ ማየት አቃተው። ጥሩምባውን ከብብቱ አወጣ፤ ጨርቁን ከአፉ ነቀለ፤ ወደ ሰፈሩ ሮጠ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋ።

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ! ባሕሩ ሊቀበር ነው! ዛሬ ጠዋት ነው! ቶሎ ድረሱ!»

ተንኮል አልነበረውም። ሰው ወጥቶ እንዲያይለት ነው የፈለገው። ግን አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ደገመው፤ ሦስተኛው ላይም።

«ማን አለ?» አለ አንዱ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ባሕሩ ነው አለ።»

«የትኛው ባሕሩ?»

«ያ ረጅሙ ነዋ!»

«እኔን! ትናንት እኮ ሰላም ብሎኛል!»

እንዲህ ነው የሆነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ባሕሩ አገኘ። ለአንዱ የብረታ ብረት ቤቱ ባሕሩ፣ ለሌላው የእንትና ወንድም ባሕሩ ሆነ፤ ጭራሽ የማያውቀውም ማፈሩ ስላልቀረ «ደግ ሰው ነበር» አለ። ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ጋቢ ተደረበ። አቶ ቸኮል አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ አስገብተው በሌላኛው ነጠላ ጫማ እየጎተቱ ወጡና «ድንኳን አውጡ!» ብለው ጮኹ።

«ማን ቤት እንትከለው?» አሏቸው ወጣቶቹ።

«መንገዱ ላይ ትከሉት! ቤቱን በኋላ እንጠይቃለን!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ድንኳን የሚችል ሰፊ መንገድ ያለው ወደ ባሕሩ በሚወስደው በኩል ብቻ ነውና ድንኳኑ እዚያ ላይ ከአጥር እስከ አጥር ተተከለ። አግዳሚዎቹ ገቡ፤ የንፍሮው ብረት ድስት ተጣደ። ጸሐይወርቅ የምትባለው፣ ለቅሶ ሲሆን ሰፈሩ የሚመካባት ሴት፣ ደረቷን እየደቃች «ባሕሩዬ! ጥላዬ! ለማን ትተኸን!» ስትል ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ቸኮልም አነቡ። «ባሕሩን ወደ ዕድሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ አጠገባቸው ላሉት። «አንድ ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም።»

ምትኩ የመጨረሻውን መታጠፊያ ነፍቶ ሲመለስ ይህን አየ። በመጀመሪያ ደስ አለው፤ ሰው ለባሕሩ እንዲህ የሚያዝን መስሎት ነበር። ከዚያ «ሬሳው ከየት ነው የሚወጣው?» ሲባል ሰማ። ሰው የሞተ መስሏቸው እንደሆነ ያኔ ገባው።

ብርነሽ ጎኑ መጥታ ቆመች። ለምን እንደነፋ ገና ድምፁን ስትሰማ ገብቷታል። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው በሹክሹክታ፣ «ባሕሩ ያልከው ባሕሩን ነው ወይስ ባሕሩን?»

«ባሕሩን ነዋ።»

«እሱን ንገራቸው እንግዲህ» አለችና ሳቋን ለመደበቅ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት የመኪና ድምፅ መጣ። አፈር የጫነው የመጀመሪያው ገልባጭ መታጠፊያውን ዞሮ ድንኳኑን ሲያይ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ በፍቃዱ ይባላል፤ ወረደ፤ ቆቡን አወለቀ፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ንፍሮ በእጁ ሰጡት። ከኋላው የመጡትም እንዲሁ መኪናቸውን ዳር እየያዙ አቁመው ገቡ።

አቶ ቸኮል መኪናዎቹን ሲያዩ እንባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሥራህን ሥራ እንጂ። ትንሽ ጠጋ እናደርግልህና ታልፋለህ።»

«በድንኳን ውስጥ?» አለ በፍቃዱ ደንግጦ። «አባቴ፣ እኔ ድንኳን ሰባሪ አይደለሁም። የሰው ለቅሶ ላይ ገልባጭ የሚነዳ እናት የለውም።»

«እሺ ቀብሩ ይለፍ እንግዲያው። ለመሆኑ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? የት ነው?»

ሁሉም ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞረ።

ምትኩ በሕይወቱ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም። «ቀብሩ እዚሁ ነው» አለ። «ቀባሪው ደግሞ እሱ ነው።» በእጁ ወደ በፍቃዱ አመለከተ። ንፍሮው በበፍቃዱ ጉሮሮ ላይ ቆመ። «ባሕሩ ያልኩት… ባሕሩን ነው። ውሃውን። ይሄን የኛን ባሕር።»

ጸሐይወርቅ ደረቷን ልትመታ ያነሣችውን እጅ ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አሳረፈች። አቶ ቸኮል ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ። ያነቡት እንባ ነው ያናደዳቸው።

«በሞት ትቀልዳለህ? አንተ? ሕጉን ታውቃለህ! በሐሰት የነፋ ጥሩምባውን ያስረክባል!»

«አውቃለሁ።» ምትኩ ጥሩምባውን በሁለት እጁ ዘረጋ። «በሐሰት ግን አልነፋሁም፣ አቶ ቸኮል። ሊቀበር ነው አልኩ፤ ሊቀበር ነው። ፊላው ውስጥ እንቁላል አለ፤ እናቲቱ ታቅፋዋለች። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ይኸው ስንት ዘመን ስነግራችሁ የኖርኩት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው የምነግራችሁ፤ ያኔ ማልቀስ እንጂ ሌላ የምታደርጉት የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞት ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

ውጭ የንፍሮው ድስት ይንተከተካል።

ብርነሽ ነበረች የተነሣችው። «መቼም ድንኳኑ ተተክሏል፤ ንፍሮውም በስሏል» አለች። «የሟች የሕይወት ታሪክ ሳይነገር የሚነቀል ድንኳን ደግሞ እኔ አላየሁም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ግንበኛው ዳኜ፣ ስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሟች…» ብለው ጀመሩና ለራሳቸው ደነቃቸው። «እንግዲህ የሁላችንም ቤት መሠረት ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ነው። የእርስዎም ቤት፣ አቶ ቸኮል። እኔ ነኝ የጣልኩት። እኛ የቆምነው እሱ ስለተቆፈረ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም።» ተቀመጡ።

«እኔ የተጠመቅሁት በእሱ ውስጥ ነው» አለች ቃለሕይወት። «ስወጣ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ መጀመሪያ ያየሁት እነዚያን ዝዮች ነው። ባየሁት ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።»

ሚኪ ከበሩ ላይ ጮክ ብሎ «እኔን ሊገድለኝ ነበር፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነው!» አለ። «ዋና ሳልችል ነው የገባሁት። ጥልቁን በኩል በበርሜል እናጥረዋለን፤ ጋራዥ ውስጥ የወዳደቀ በርሜል ሞልቷል። እኔ እበይዳለሁ።»

ጸሐይወርቅ አፍንጫዋን ተናፈጠች። «ለማን እንዳለቀስኩ ገና አሁን ገባኝ» አለች። «እንባዬን ግን አልመልስም። ከልብ ነው ያለቀስኩት።» ይህን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ በፍቃዱም ሳቀ።

አቶ ቸኮል አልሳቁም። «እንቁላሉን ራሴ ካላየሁ!» ብለው ወጡና ማንም ሳይከተላቸው ወደ ፊላው ገሰገሱ። ሰው ከድንኳኑ በር ሆኖ ያያቸዋል። ፊላው ውስጥ ገቡ። ወዲያው አንድ አመድማ ነገር እየፎጨ ተነሣ፤ ክንፉን ሲዘረጋ ያ ሰማያዊ ትከሻ በጠዋት ፀሐይ በራ፤ አንገቱን አስግጎ ወደ ሊቀመንበሩ ሮጠ። አቶ ቸኮል ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያም በሙሉ ፍጥነት ወደ ድንኳኑ። ሲመለሱ ያቺ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርታለች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ባልየው ነው መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ባልየው ነው» አለ ምትኩ።

«አባወራ ነው!» እግራቸውን ከጭቃው እየጠረጉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ስንት ስብሰባ መርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ተቃውሞ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው በአንድ ትንፋሽ ወሰኑ። ድንኳኑ አይነቀልም። ድንኳን ቆሞ እያለ ሾፌር አያልፍም፤ እስኪፈለፍሉ ይቁም። ሰው የሞተ እንደሆነ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል፤ ሲያበቃ እዚሁ ይመለሳል። አዳራሹ ብሎኬት ይመረትበት የነበረው ደረቅ ወለል ላይ ይሠራል፤ ለምን ይህን ቀድሞ ማንም እንዳልነገራቸው አይገባቸውም። አፈሩን በፍቃዱ ለሚፈልግ ይውሰደው። ሚኪ በርሜሉን ዛሬውኑ ያምጣ።

«ሕግ ግን ሕግ ነው» አሉና ጥሩምባውን ከምትኩ እጅ ተቀበሉ። «ሰው በለቅሶ ስም ተጠርቷል። ከዛሬ ወዲህ ዕድሩ በስልክ መልእክት ይናገራል።»

ምትኩ ባዶ እጁን አየ። የሚያዝን መስሎት ነበር። የመጣው ግን ቅልል ማለት ነው።

ሰው ለመሄድ ተነሣ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ደግሞ በባዶ አፉ አይነሣም፤ ባለ ኀዘኑን አጽናንቶ ነው የሚወጣው። ዛሬ ባለ ኀዘን ማን ነው? ዳኜ ትንሽ ቆም አሉና ወደ ምትኩ ሄደው ጎንበስ አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ።» ጸሐይወርቅ ተከተለች። ቃለሕይወት «ጌታ ያጽናናዎት» አለችው። መጀመሪያ ሲጀመር ጨዋታ ነበረው፤ አምስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ጠፋ። ምትኩ አባቱም እናቱም መንዝ ሲሞቱ በደብዳቤ ነው የተረዳው፤ ያኔ ለዚህ ሰፈር እንግዳ ነበርና ቤቱ መጥቶ ያጽናናው የለም። ያ ሁሉ ሰው በፊቱ ሲያልፍ «አሜን» እያለ አቀርቅሮ አለቀሰ፤ ለማን እንደሚያለቅስ አላጣራም። በፍቃዱም በመጨረሻ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «አባቴ፣ ይቅርታ» አለው። «እኔ አፈር ብቻ የጫንኩ መስሎኝ ነበር።»

ድንኳኑ ቆሞ ሰነበተ። ከሌላ ሰፈር የሚያልፍ ሰው እየገባ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ነገሩ ሲነገረው ግማሹ ይቆጣል፤ ግማሹ ዝዮቹን ለማየት ይለምናል። ሚኪ በርሜሎቹን ብየዳ ጨረሰ። አቶ ቸኮልም «እግሬን ላፍታታ» እያሉ በየማለዳው ወደ ፊላው መሄድ ጀመሩ፤ ከባልየው ጋር በሩቁ እየተፋጠጡ ይመለሳሉ። በዚያ ሰሞን ደግነቱ ከሰፈሩ የሞተ ሰው አልነበረም።

ሰኔ ገብቶ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት አንድ ማለዳ፣ የምትኩ የቆርቆሮ በር ተደበደበ። ተንኳኳ አይባልም፤ ተደበደበ። ምትኩ ከእንቅልፉ ብድግ አለ። በባዶ እግሩ ወጥቶ ሲከፍት አቶ ቸኮል እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆመዋል፤ መተንፈስ አቅቷቸዋል።

«ማን ሞተ?» አለ ምትኩ።

«ሞት ለጠላትህ!» አሉ አቶ ቸኮል። «ተፈለፈሉ! ሁሉም! ውሃው ላይ ናቸው!»

ምትኩ በሩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ዘመኑን ሁሉ ወሬ ወደ ሰው በር ሲያደርስ ኖሯል፤ ወደሱ በር ሮጦ የመጣ ወሬ ግን አልነበረም። ብርነሽ ከውስጥ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ትላለች፤ ሊመልስላት ፈልጎ ሳቁ አላናግረው አለ። ቀና ሲል አቶ ቸኮል የሉም። የጎረቤቱን በር በሁለት እጃቸው እየደበደቡ ነበር።